በአራዳ የተሰመረው የቀለም ድንበር

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ልጅነታቸውን የጨረሱ ኢትዮጵያውያት ምን አጡ? ምንስ ሠሩ?

በ1923 ዓ.ም. ከእሪ በከንቱ ተነስታ ዳገቱን ወደ አራዳ የምትወጣ አንዲት የሰፈሩን ልጅ እናስብ። ከላይ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች። የአራዳ ጊዮርጊስ አለ፤ ተሳልማው ታልፋለች። በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ፤ ፈረሱን ቀና ብላ ታየዋለች። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ገበያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ቅቤው፣ በርበሬው፣ አሞሌው፣ ሸማው በየተራው ተዘርግቷል። ጥቂት ቆይቶም በስድስት ኪሎ አካባቢ በእቴጌ መነን ስም የሴቶች ትምህርት ቤት ይከፈታል። ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የተቀበለው የባለሥልጣናትንና የመኳንንትን ልጆች ስለነበር ለእሷ ቢጤ በሩ ወዲያው አይከፈትም። ቢሆንም ሴት ልጅ ተቀምጣ የምትማርበት የመንግሥት ቤት በከተማዋ መኖሩ ራሱ ተስፋ ነበር።

ሰባት ዓመት አለፈ እንበል። በ1930 ዓ.ም. ያችው ልጅ ያንኑ ዳገት ብትወጣ የምታገኘው ሌላ ከተማ ነው። ሐውልቱ ተነቅሎ ተሰውሯል። ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ተጎድቷል። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተወስኗል። የሴቶቹ ትምህርት ቤት በጣሊያኗ ንግሥት በኤሌና ስም የሚጠራ የጦር ሆስፒታል ሆኗል። ፊልም ቤቱና አውቶቡሱ ለነጭና ለጥቁር ተለይቷል። ልጅቱ በተወለደችበት ከተማ የሌላ መንግሥት ተገዢ ሆናለች፤ የት እንደምትኖር፣ ምን ያህል እንደምትማር፣ ልጅ ብትወልድ ልጇ የማን ስም እንደሚይዝ የሚወስነው የቆዳዋ ቀለም ነው።

የልጅቱን ስም አልጻፍኩም፤ የእሷን መሰሎች ስም የመዘገበ የለምና። የወጣችበት ዳገት፣ ያጣችው ገበያ፣ የተዘጋው ትምህርት ቤትና የታወጀው ሕግ ግን እውነተኛ ናቸው። ስለ ዘር መድልዎ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት የአሜሪካ ደቡብና የደቡብ አፍሪካ ከተሞች ናቸው። የአምስቱን ዓመት ወረራ ስናነሳ ደግሞ በዱር በገደሉ የተዋጋውን አርበኛ እንዘክራለን፤ የሚገባውም ነው። በከተማው መካከል የቀለም ድንበር ተሰምሮባት ያደገችውን ልጅ ግን ከሁለቱም ታሪክ አስቀርተናታል። ይህ ዘገባ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት የሚሞክር ነው።

ለሁለት የተከፈለች ከተማ

የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ከተማዋን ለቀው ከወጡ በኋላ በነበሩት ቀናት በዘረፋና በቃጠሎ የአራዳ ሱቆች ወድመው ስለነበር፣ ወራሪው ያገኘው የተጎዳ ከተማ ነበር። ፋሺስቶቹ ይህን እንደ ጥሩ አጋጣሚ አዩት። በጥቂት ወራት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ዋና ከተማ ምን መምሰል እንዳለባት ዕቅድ ይነደፍ ጀመር። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ሳይቀር የራሱን ንድፍ ለሙሶሊኒ አቅርቦ ነበር። ሥራውን ያገኙት ግን ኢኛዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ጣሊያናውያን ናቸው።

የዕቅዱ ዋና ሐሳብ መለየት ነው። ነጩ በአንድ ወገን፣ “አገሬው” በሌላ ወገን ይኖራል፤ በመካከላቸው ክፍት የሆነ አረንጓዴ መሬት ይተዋል። ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች ካዛንቺስ፣ ለሠራተኛው መደብ የተሠሩት ፖፖላሬ ተባሉ። ኢትዮጵያውያን እንዲሰፍሩበት የታሰበው በስተምዕራብ ያለው መሬት ነበር፤ እዚያ መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው በካሬ ተቀየሱ፣ ለ“አገሬው” የተባለው አዲሱ ገበያም እዚያው ተተከለ። ዛሬ መርካቶ ብለን የምንኮራበት ገበያ የተጀመረው ጥቁሩን ከመሃል ከተማ ለማራቅ በወጣ ዕቅድ ነው። መርካቶን ትልቅ ያደረገው ከአራዳ እንዲሄድ የተገደደው ነጋዴ ነው፤ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ስልጤው፣ ሐረሪው በላቡ አሳደገው። ውጥኑ ግን መድልዎ ነበር።

በወረቀት ላይ የነበረው ሁሉ አልተሠራም። ዕቅዱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ ወራሪው ደግሞ ከከተማው ውጭ ያለውን አገር ከአርበኞች ነጻ ማድረግ ስላልቻለ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለጦርነቱ ነበር። ድሃው ጣሊያናዊ ሠራተኛና ኢትዮጵያዊው በብዙ ሰፈር ጎን ለጎን መኖራቸውን ቀጠሉ። ፒያሳ በተባለው በአራዳ ዙሪያ ቁልቁል የተጠጉት መንደሮችም ጨርሰው አልጠፉም። ያም ሆኖ ዕቅዱ ያፈናቀለው ሰው ተፈናቅሏል። ከአራዳ ገበያ ጉልቷን ነቅላ ወደማታውቀው ሜዳ የሄደች እናት የንግድ ደንበኞቿን አጥታለች፤ ከእናቷ ጋር ጉልት ትቀመጥ የነበረች ልጅም የለመደችውን ሰፈር፣ ጓደኞቿንና አጥቢያዋን ትታ ሄዳለች።

ልዩነቱ በየቀኑ ኑሮ ውስጥ ይታይ ነበር። ነጭ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ጥቁር አይሳፈርበትም። ነጭ ፊልም የሚያይበት አዳራሽ ጥቁር አይገባበትም። በ1931 ዓ.ም. ሰኔ 22 ቀን የወጣው ሕግ ደግሞ “የዘር ክብርን” የሚነካ ድርጊት በወንጀል እንዲቀጣ አደረገ፤ ጣሊያናዊው ለአገሬው በተከለሉ ቦታዎች ማዘውተሩ ሳይቀር ያስቀጣው ጀመር። ነጩ ከጥቁሩ ጋር ቢቀራረብ ክብሩን ያጎድፋል ተብሎ ተደነገገ። በዚህ ሕግ ሥር የምታድግ ልጅ ስለ ራሷ የምትማረውን ማሰብ አይከብድም፤ መንግሥት ራሱ አጠገቧ መቆም ነውር ነው እያለ ይነግራታል።

ትምህርት ቤቱ ሆስፒታል ሆነ

በመድልዎ ሥርዓት ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ግንባር ነው። ጣሊያኖች ገና በ1928 ዓ.ም. ክረምት ትምህርትን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ለነጮች ልጆች፣ ሌላው ለቅኝ ተገዢዎች። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለነጭ ልጆች ብቻ የተከለሉ ሁለት ተቋማት ሆነ፤ አንዱ በንጉሣቸው በቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ፣ ሌላው በቤኒቶ ሙሶሊኒ ስም ተሰየመ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ንግሥት ኤሌና የተባለ የጦር ሆስፒታል ሆነ። ለኢትዮጵያውያን የተተወው ትምህርት በጥቂት የመጀመሪያ ክፍሎች የሚያበቃ፣ ታዛዥ ሠራተኛ ለማውጣት የታሰበ ነበር።

ለወንዱም ለሴቷም የተዘጋው በር አንድ ነው፤ ጉዳቱ ግን አንድ አልነበረም። ወንዱ ልጅ ቢያንስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዳዊት ሊደግም፣ ቅኔ ሊቆጥር፣ ድቁና ሊቀበል ይችላል። ለሴት ልጅ ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገና ጀማሪ፣ ቦታውም ጥቂት ነበር። እሱ ሲዘጋ ከቤት ሥራ፣ ከጋብቻና ከአገልጋይነት ሌላ የምትሄድበት መንገድ አብሮ ተዘጋ።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም። ከጣሊያን በፊት የነበረችው አዲስ አበባ ለድሃ ሴት ልጅ የምትመች ከተማ አልነበረችም። በብዙ ባለጸጋ ቤት ባሪያ ሆነው ያደጉ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀረው ሕግ በ1916 ዓ.ም. ቢወጣም ጨርሶ የተሻረው ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። ፋሺስቶቹም ይህንኑ ጉድለታችንን እየጠቀሱ ነጻ ሊያወጡ እንደመጡ ይናገሩ ነበር። ያመጡት ግን ሁሉንም ጥቁር፣ ጌታውንም አገልጋዩንም፣ በቀለሙ ብቻ ዝቅ የሚያደርግ አዲስ ሕግ ነው። የራሳችን በደል የእነሱን አያነጻም፤ የእነሱም በደል የራሳችንን ሊያስረሳን አይገባም።

ሦስት ቀን

አርብ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው ቦታ፣ የከተማዋ ድሆች ተሰብስበዋል። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ በመወለዱ ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ነው የተጠሩት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ወጣቶች በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በግቢው የነበረው ድሃ ሕዝብ እዚያው በመትረየስ ተረፈረፈ፤ ማታውኑ የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ተከታዮቹን ለሦስት ቀን የፈለጋችሁትን አድርጉ ብሎ ለቀቃቸው።

ዱላ፣ ጩቤና ቤንዚን ይዘው ወደ መንደሮቹ ወረዱ። የሣር ክዳን ጎጆዎች ሰዎች በውስጣቸው እያሉ ተለኮሱ። የአራዳ ጊዮርጊስም ከዚያ እሳት አልተረፈም። በከተማዋ የነበረው ሐንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ኋላ ለዓለም መስክሯል። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ አድርሶታል፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19 ሺህ ገደማ ይገምተዋል። በካምቤል ስሌት ከአዲስ አበባ ነዋሪ አምስተኛው ያህል ማለት ነው።

በፒያሳ ዙሪያ ቁልቁል በተደረደሩት የሣር ቤቶች ያደገች ልጅ በእነዚያ ሦስት ቀናት አባቷን፣ ወንድሟን ወይም ቤቷን ያላጣች እንደሆነ ያጣ ጎረቤት አላት። ከዚያም ማደኑ ቀጠለ። የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተረሸኑ፤ ብዙ ሰው ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት ተጋዘ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው በመርከብ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ወንዱ ሲገደል፣ ሲታሰርና ወደ ጫካ ሲወጣ ቤቱ በሴቶች ትከሻ ላይ ቀረ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች የእናታቸውን ሥራ ተረከቡ። ነጭ ቤት ተቀጥረው የሚያጥቡና የሚጠርጉ፣ ግን የሰሙትን ወሬና የተገኘውን ጥይት በድብቅ ለአርበኛው የሚያሳልፉ ሴቶች ከዚህ ችግር ውስጥ ወጡ። ውስጥ አርበኛ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ከመካከላቸው የታወቁት ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ተጋዙ፤ ሲመለሱም ትግሉን አልተዉም።

ፍቅርን የሚቀጣ ሕግ

ከየካቲት 12 በሁለት ወር ገደማ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ቁጥሩ 880 የሆነ ሕግ ታወጀ። አንድ ጣሊያናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር “የትዳር ዓይነት” ግንኙነት ቢመሠርት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ወረራው ሲጀመር ወታደሮቹ ጥቁሯን ቆንጆ ነጻ አውጥቶ ወደ ሮም ስለመውሰድ እየዘፈኑ ነበር የመጡት፤ አሁን መንግሥታቸው ዘፈኑንም አልወደደውም፣ ነገሩንም በሕግ ዘጋው።

የሕጉ ክፋት የሚገለጠው ፍርድ ቤቶቹ እንዴት እንደተረጎሙት ሲታይ ነው። ዳኞቹ የሚመረምሩት ወንዱ ሴቲቱን ይወዳት እንደሆነ ነበር። አብረው ይበላሉ? ሲታመም ታስታምመዋለች? ስጦታ ሰጥቷታል? ልጅ እንዲኖራቸው ይፈልጋል? መልሱ አዎ ከሆነ ወንጀለኛ ነው። ለሥጋው ፍላጎት ብቻ የሚፈልጋት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ነጻ ሊወጣ ይችላል። ሰውነቷን መጠቀም ተፈቀደ፤ እንደ ሰው ማክበር ተከለከለ። በአዲስ አበባ ዝሙት አዳሪነት በወረራው ዓመታት እንዲያ የተስፋፋው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው። ቤቷ የተቃጠለባት፣ አባቷ የተገደለባትና ገበያዋ የተዛወረባት ልጅ ምን አማራጭ ቀርቷት እንደነበር ሳያስብ በእነዚያ ሴቶች ላይ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ግማሽ ነው።

ሕጉ ሴቲቱን ራሷን አይቀጣም ነበር። ይህ ለእሷ ማዘን አይደለም፤ ተከሳሽም ተበዳይም ሆና አትቆጠርም ማለት ነው። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከጥቁር እናት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ። የማሳደጉ ሸክም በሙሉ በእናቲቱ ላይ ወደቀ። ከነጻነት በኋላ በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በፖፖላሬ ያለ አባት ስም ያደጉ ብዙ ልጆች የዚህ ሕግ ልጆች ናቸው። ክልስ እየተባሉ ከሁለቱም ወገን የተገፉትን እነዚህን ልጆች ያሳደጓቸው በወጣትነታቸው እናት የሆኑ፣ ማንም ያላገዛቸው ሴቶች ናቸው።

ከአዚናራ እስከ ምክር ቤት

ስማቸው የማይታወቅ ሺህዎች ያለፉበትን ዘመን በጽሑፍ የተዉልን ጥቂት ሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚቀድሙት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አባታቸው በአውሮፓ የተማሩ፣ አገራቸውን በዲፕሎማሲም በአስተዳደርም ያገለገሉ ሰው ስለነበሩ ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ባሕር አሻግሮ ማስተማር ከብዙው ሰው ልማድ የወጣ ነበር። ስንዱ ተምረው ሲመለሱ ጦርነቱ ደጅ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ስትያዝ የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ወደ ምዕራብ ሄደው የጥቁር አንበሳን ጦር ተቀላቀሉ። ይህ ጦር በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀመንበርነት፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በወጡ ወጣት መኮንኖችና በተማሩ ሰዎች የተቋቋመ ነው፤ የሚተዳደርበት የጽሑፍ ደንብ ነበረው፣ ገበሬውን መዝረፍንም ይከለክላል። ስንዱ በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኛ ሲያስታምሙ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦሩን ይመሩ የነበሩት ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ ዳር ከተከበቡ በኋላ የጥቁር አንበሳ ጦር ተበተነ። ስንዱም ተያዙ፤ ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። በስዊዘርላንድ ከነጭ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው የተማሩት ወጣት አሁን በሌላ የአውሮፓ አገር በቀለማቸውና በአገራቸው ምክንያት እስረኛ ሆኑ። ማንበብም መጻፍም የሚችሉ፣ ቋንቋ የሚያውቁ መሆናቸው ለአሳሪዎቻቸው ይበልጥ አስጊ አደረጋቸው እንጂ አላዳናቸውም።

ከነጻነት በኋላ ያደረጉት ነገር ይህን ታሪክ ከሐዘን በላይ ያደርገዋል። ወደ ማስተማር ገቡ፤ ቆይተውም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ጣሊያን የጦር ሆስፒታል ያደረገውን የሴቶች ትምህርት ቤት የመራችው ጣሊያን ራሱ በደሴት ያሰራት ሴት ነበረች ማለት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ጽፈው አሠሩ፤ በ1942 ዓ.ም. “የልቤ መጽሐፍ” የተባለ ሥራቸውን አሳተሙ። ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሲፈቅድ በመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ተወዳድረው ከአዲስ አበባ አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። በ2001 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ያሳለፉት ረጅም ሕይወት፣ መድልዎ የዘጋውን በር አንድ በአንድ ሲከፍቱ የኖሩበት ነው።

ሁለተኛዋ ምስክር ወይዘሮ ማርታ ናሲቡ ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ናሲቡ ዘአማኑኤል የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩ፣ በጦርነቱም በኦጋዴን ግንባር ግራዚያኒን የተዋጉ ናቸው። በመርዝ ጋዝ የተጎዳ ሳንባቸው ሳይድን በ1929 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አረፉ። እንዲህ ያለ የአርበኛ ቤተሰብ በአዲስ አበባ አይቀመጥም ተብሎ እናትና ልጆች ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ማርታ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። ከኔፕልስ ወደ ሮድስ ደሴት፣ ከሮድስ ወደ ትሪፖሊ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወሩ ስምንት ዓመት ኖረዋል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በ1930 ዓ.ም. መጨረሻ የዘር መግለጫው፣ ቀጥሎም በአይሁድ ላይ የወጡት ሕጎች በጣሊያን ታወጁ። ልጅነታቸውን በዚያ አገር በጥቁርነትና በግዞት ያሳለፉት ማርታ በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሠዓሊ ሆኑ፤ ትዝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያንኛ አሳተሙ። መጽሐፉ በአሳሪዎቹ ቋንቋ መጻፉ፣ የዚያን አገር ሰው ያለፈውን እንዲያይ አስገድዷል።

ከሚሲሲፒ እስከ አራዳ

በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ ደቡብ የጥቁር ልጅ ትምህርት ቤት፣ የጥቁር ሰው የአውቶቡስ መቀመጫ፣ የጥቁር ሰው የመጠጥ ውኃ ሳይቀር በሕግ የተለየ ነበር። አን ሙዲ የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1940 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ኤሜት ቲል የተባለ እኩያዋ በነጮች ተገደለ፤ ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በ22 ዓመቷ ጃክሰን ከተማ ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ ቤት ባንኮኒ ከጓደኞቿ ጋር ተቀመጠች፤ ሰናፍጭና ቲማቲም እየደፉባቸው፣ እየደበደቧቸው አልተነሱም። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የሕይወት ታሪኳ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። አሜሪካኖች ያን ዘመን የሚያውቁት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ልጃገረዶች ያዩትን ስለጻፉላቸው ነው።

የእኛና የእነሱ ታሪክ የተገናኘው በንባብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ስትወረር በሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን ሰልፍ ወጥተዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ጆን ሮቢንሰንን የመሰለ አብራሪም ከቺካጎ መጥቶ አገልግሏል። በአዲስ አበባም ባርቤዶስ ተወልደው ከኒው ዮርክ የመጡት ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ነበሩ። ባለቤታቸው ራቢ አርኖልድ ፎርድ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ሲሞቱ ትናንሽ ልጆች ይዘው ቀሩ። ጥቁር ነጻ የሆነበትን አገር ፍለጋ ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡትን ሴት፣ የሸሹት የቀለም ድንበር አዲስ አበባ ድረስ ተከትሏቸው መጣ። አገር ጥለው አልወጡም፤ ነጻነት ሲመለስ በ1933 ዓ.ም. ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ይህም በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራው ነው።

ስንዱ፣ ማርታ፣ ሚኞን፤ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ሠዓሊ፣ አንዷ የትምህርት ቤት መሥራች። ሦስቱም ለተፈጸመባቸው በደል የሰጡት ምላሽ የሚቀጥለው ትውልድ እንዲያውቅ መሥራት ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንግግር ክፉን በክፉ አትመልሱ ተብሎ ለታወጀላት አገር፣ የበቀልን ቦታ በምን እንደሚተኩ በተግባር ያሳዩ ሴቶች ናቸው።

የቀረብን ሥራ

ዛሬ በፒያሳ የሚያልፍ ወጣት ያየው ሕንፃ፣ የጠራው የሰፈር ስም፣ የጠጣው ማኪያቶ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ መሆኑን ሰምቶ ይሆናል። ስለ ጣሊያን ዘመን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው መንገዱን፣ ድልድዩንና ፓስታውን ነው። መንገዱን የሠራው መንግሥት በዚያው መንገድ ላይ ጥቁር ሴት ልጅ ከነጭ ጋር በአንድ አውቶቡስ እንዳትሳፈር የከለከለ መንግሥት መሆኑን አብረን ካልተናገርን ግን ለልጆቻችን የምናወርሳቸው የተዛባ ታሪክ ነው።

ጊዜውም እያለፈብን ነው። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ዛሬ ብትኖር አንድ መቶ ዓመት ያለፋት ናት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመልሶ ማልማቱ በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ለአዲስ መንገድና ለተሻለ ቤት የተደረገ ነው ቢባልም፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ አያት ለልጅ ልጅ ሲነግር የኖረው ታሪክ ከመንደሩ ጋር ተበትኗል። በዕድርና በጽዋ የሚሰበሰቡ ሰዎች የጋራ ትዝታ ቤታቸው ሲለያይ የሚጠብቀው የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በነበረው በዛሬው የካቲት 12 ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ይህ ግቢ ስለምን እንደተሠራ፣ በወረራው ዘመን ምን እንደተደረገበትና ማን እንደመራው የሚናገር ጽሑፍ ይለጠፍ። የስንዱ ገብሩ ሥራ እንደገና ታትሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይነበብ፤ የማርታ ናሲቡ ትዝታም በአማርኛ በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኝ። ሦስተኛው ከመንግሥት የሚጠበቅ አይደለም፤ ከአንባቢው ነው። አያትዎ፣ የአያትዎ እህት ወይም የአራዳ ልጅ የነበሩ ጎረቤትዎ በሕይወት ካሉ፣ ያዩትንም ሆነ ከእናታቸው የሰሙትን ይጠይቋቸው፤ በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና ዓመቱን ይጻፉ። ለነገ አይተዉት።